ጥንብ አንሳው ዴልማር

ዴልማር ትዌትን በኛ አካባቢ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ጥንብ አንሳው ነው የሚሉት። ከጀርባው ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊቱም ይሉታል። ጠዋት ሎርና ምግብ ቤት ሲገባ አንዱ ከጥግ ይጮሃል፤ "ሎርና፣ መስኮቱን ክፈችው፣ ጥንብ አንሳው መጣልሽ!"

እሱም ኮፍያውን እያወለቀ፣ "የማን ላም እንደምሸት ልንገርህ እንዴ?" ይለዋል።

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የጮኸው ሰውዬ ግን እንቁላሉ ላይ ያቀረቅራል። ዴልማር እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም እዚያ ከተቀመጠው ውስጥ ዴልማር ምስጢሩን የማያውቅበት አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ አጎቴ ነው የምለው። የስጋ ዘመዴ አይደለም። ከአባቴ ከሮይስ ሃውገን ጋር አብረው ነው ያደጉት። ሚስት አላገባም። እናቴ ከሞተች በኋላ እሁድ እሁድ ምሳውን እኛ ቤት ነበር የሚበላው። ጫማውን ውጪ አውልቆ፣ እጁን ሶስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ነው የሚገባው፤ እንደዚያም ሆኖ ትንሽ ይሸት ነበር። እኔ ሽታውን ለምጄው ነው ያደግኩት።

ስራው ይሄ ነው። በረዶው ሳይለቅ ላሞቹ መውለድ ይጀምራሉ። ከመቶ ጥጃ አምስት ስድስቱ ይሞታል። አንዱ በብርድ፣ አንዱ በተቅማጥ፣ አንዱ ሲወለድ አመጣጡ ተበላሽቶ። ድሮ ሰው የሞተበትን ጎትቶ ከበረቱ ጀርባ ገደል ውስጥ ይጥለው ነበር። አያቴም እዚያው ነው የሚጥለው፣ የአያቴም አባት። ልክ በዚያው ሰሞን ደግሞ ድቦቹ ከተራራው ላይ ከእንቅልፋቸው ይነሳሉ። አምስት ወር እህል ውሃ ያልቀመሰ ግሪዝሊ የሚባለው ትልቁ ድብ ነፋስ ያመጣለትን ሽታ ተከትሎ ይወርዳል። ዛሬ ጥንቡን ይበላል። ነገም ይመጣል። ከነገ ወዲያ ከጥንቡ አጠገብ የቆመውን ጥጃ ያያል። ከዚያ ጠመንጃ ይወጣል።

ዴልማር ጥንቡ ከሌለ ድቡ አይመጣም አለ። በቃ፣ ሌላ ነገር አላለም። የወረዳው ሰዎች አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሰጡት፣ ከኋላው በሽቦ ገመድ የሚጎትት ሞተር ያለው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ባዶ ሜዳ በኤሌክትሪክ አጥር አጠሩለት። ጥንቡን እዚያ ወስዶ በእንጨት ፍቅፋቂ ይቀብረዋል። በስድስት ወር አጥንቱ ሳይቀር አፈር ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ ማንም አልጠራውም። ከብት አርቢ ኩራቱ አይጣል ነው። ጥጃ የሞተበት ሰው ሰነፍ ነው ይባላል። ስልክ አንስቶ "ሞተብኝ" ከሚል ምላሱን ቢነክስ ይሻለዋል። ዴልማር ይሄን ስለሚያውቅ የጨርቁን ነገር አመጣ። የሞተብህን ጎትተህ መንገድ ዳር በሩ ስር ታስቀምጣለህ፣ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለህ። እሱ ሲያልፍ ያነሳል። ጨርቁን አጣጥፎ ምሰሶው ላይ ያደርግና ድንጋይ ይጭንበታል። ደብተር የለው፣ አይቆጥር፣ በምን ሞተ አይል።

"እኔ አፍ የለኝም፣ መኪና ብቻ ነው ያለኝ" ይል ነበር።

አንድ ቀን የተሰቀለ ጨርቅ ማንም ልብ አይለውም፣ ሁሉም ይሰቅላል። ሶስት ቀን በተከታታይ ከተሰቀለ ግን ሎርና ቤት ወሬ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አስራ ሁለት አመት እንደዚህ ሰራ። ከሱ በፊት በኛ መንገድ ላይ ብቻ በአንድ ፀደይ ሶስት አራት ድብ ይገደል ነበር። በአስራ ሁለቱ አመት የተገደሉት ሁለት ናቸው። ቁጥሩን ያወቅኩት ከኩለን ነው፤ ኩለን የመንግስት የድብ ሰራተኛ ነው፣ ድብ መንደር ሲገባ የሚጠራው እሱ ነው። ዴልማር ራሱ እንዲህ ሰራሁ ብሎ አውርቶ አያውቅም።

ድብ ወዳድ ነው የሚሉት አሉ። አያውቁትም። በወጣትነቱ አዳኝ ነበር። ያኔ በፈቃድ ይታደን ነበር። አንድ መከር እሱና አባቴ ተራራው ላይ ወጥተው፣ ሊመሽ ሲል እንጆሪ በበዛበት ተዳፋት ላይ አንድ ትልቅ ድብ አዩ። ዴልማር ደህና አድርጎ አነጣጠረ። ወንድ ነው ብሎ ነው። ሲደርሱ ከጡቷ ወተት ይንጠባጠባል። ከላይ ድንጋዩ ላይ ሁለት ግልገሎች ቆመው ይጮሃሉ። አባቴ ቢላውን አወጣ። ዴልማር ግን ቆዳዋን አላስነካም። እየጎተተ ጭንቅላቷን ወደ ተራራው አዞረው።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለው አባቴ።

"እንጃ። ልጆቿ ወዳሉበት ትይ ብዬ ነው።"

አባቴ ይሄን ታሪክ ሲጠጣ ነው የሚያወራው፣ እየሳቀ። ሎርና ቤትም አውርቶታል። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

የዛሬ ሁለት አመት፣ ላሞቹ ሊወልዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ድቡ ከህግ ጥበቃ ይውጣ አይውጣ፣ አደኑ በእጣ በሚሰጥ ፈቃድ ይከፈት አይከፈት የሚል ነው። ሰው ግድግዳ ተደግፎ እስኪቆም ሞላ። አባቴ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ቆመ።

"እኔ ይጥፋ አላልኩም" አለ። "የማይታደን አውሬ ግን ሰው አይፈራም። ድብ ሰውን ይፍራ ነው የምለው። ከብቱን ደህና አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ሽልማቱ ምንድነው? በጥበቃ ስም ከበረቱ መብላት ነው እንዴ?"

ተጨበጨበለት። አንዲት ከከተማ የመጣች አረንጓዴ ጃኬት የለበሰች ሴት ተነስታ፣ "ድቦቹ እዚህ ቁጥር ለመድረስ አርባ አመት ፈጅቶባቸዋል፣ በአንድ ፊርማ..." ስትል ከኋላ አንዱ፣ "ውሰጃቸዋ! ሳሎንሽ ውስጥ አስገቢያቸውና አብረሽ ተኚ!" አላት። ሳቅ ሆነ። ከሰሜን፣ የአገሩ ነባር ህዝብ ከሆኑት ከብላክፊት ሰዎች የመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ "እኛ ስሙን እንኳን ዝም ብለን አናነሳም። እናንተ የወንድማችንን ነፍስ በእጣ ልታወጡ ነው የተሰበሰባችሁት" ብለው ተቀመጡ።

"ዴልማር ይናገር!" ተባለ። ከዚህም ከዚያም ነው የተባለው። ሁለቱም ወገን የኛ ነው ብሎ ያስባል።

ኮፍያውን ይዞ ተነሳ። "አዳኝ የሚገድለውን ይመርጣል ትላላችሁ። እኔም መርጬ ነበር። እናት ነበረች። አደኑ ይከፈት አይከፈት እኔ አላውቅም። እዚህ ድብ የሚገድለው ከበረት ጀርባ ያለው ጥንብ ነው። ጨርቁን ስቀሉ።"

"ጥንብ አንሳው መስበክ ጀመረ!" አለ አንዱ። ዴልማር ራሱ ሳቀና ተቀመጠ።

በዚያው ፀደይ ተቅማጥ ገባብን። አባቴ ጨርቁን ሁለት ቀን ሰቀለ። በሶስተኛው ቀን ሁለት ጥጃ ሞቶ አደረ። ጨርቁን ይዤ ስወጣ፣ "ተይው" አለኝ።

"አባዬ፣ አጎቴ አሁን ያልፋል እኮ።"

"ይለፍ። አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ስለ ከብት አያያዝ የለፈፍኩ ሰው ነኝ። አሁን የኔ በር የሎርና ቤት መሳቂያ ይሁን?"

አያቴ ይጥልበት ወደነበረው ገደል ጎተትናቸው። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሆኑ። ዴልማር በየቀኑ በበራችን ያልፋል፤ ጨርቅ ስለሌለ እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። እሁድ ምሳ ላይ፣ "ዘንድሮ ያንተ ደህና ናቸው ማለት ነው" አለው አባቴን። አባቴ፣ "እግዜር ይመስገን" ብሎ ድንቹን አቀበለው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሁለት ጥይት ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። አባቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አንዲት ትልቅ ድብ ከታች ጥጃዎቹ ላይ ተደፍታለች። ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር አለ።

"ልታጠቃህ ነበር?" አልኩት።

"ትበላ ነበር" አለ።

ያኔ ነው ያየሁት። ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። የአመት ግልገሎች ናቸው፣ ትልቅ ውሻ የሚያካክሉ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር። ብናገር እነሱንም የሚተኩስ መሰለኝና ዝም አልኩ።

"ሂጂና ጨርቁን ስቀዪ" አለኝ።

"ለምን?"

"ስቀዪ ነው ያልኩሽ!"

ሰቀልኩ። አባቴ በትራክተር ጎትቶ አመጣትና በሩ ስር አስተኝቶ ሁለት ጥጃ ጫነባት። እግሯን ግን አልሸፈነውም። የድብ የኋላ እግር የሰው እግር ይመስላል። አይኔን ከሱ ማንሳት አቃተኝ።

ዴልማር መጣ። ከመኪናው ወርዶ የመጀመሪያውን ጥጃ በገመድ ሳበው። ቀጥሎ ቆመ። ሁለተኛውን ጥጃ በእጁ ገለል አደረገው።

"ሮይስ" አለ በመጨረሻ።

"አንሳልኝ" አለው አባቴ።

"ለኩለን ደውል። ራስህ ተናገር። ፈርቼ ነው በለው።"

"ጥይቱ የገባው ከኋላዋ ነው። ሶስት መቶ እርምጃ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ማን ያምነኛል? በኪራይ የያዝኩትን የመንግስት የግጦሽ መሬት ይነጥቁኛል። ያለሱ ከብቶቹ አንድ በጋ አያልፉም፣ ታውቃለህ።"

"እኔ የማነሳው ከብት ነው፣ ሮይስ።"

"ጨርቁ ከብት ነው አይልም። አንሳ ነው የሚለው። አፍ የለኝም አላልክም? ወይስ አፍ የሌለህ ለጥጃ ብቻ ነው?"

ዴልማር ተንበረከከ። ሆዷን ዳበሳት፣ ጡቷን ጨመቅ አደረገ። ጣቱ ላይ ነጭ ወጣ። "ልጆች አሏት። አየሃቸው?"

"አላየሁም።"

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"ስማ" አለው አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬ እኔን ብትናገር ነገ ማን ይሰቅልልሃል? በዚህ መንገድ ላይ አንድ ጨርቅ አታይም። ሁሉም ወደ ገደሉ ይመለሳል። ስንት ድብ ይሞታል ያኔ? አንተ ንገረኝ።"

የሚገርመው ነገር እውነቱን ነው። ዴልማርም እውነቱን እንደሆነ አውቋል። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። አንዲት የሞተች ድብ በአንድ በኩል፣ አስራ ሁለት አመት የለፋበት ነገር በሌላ በኩል። አባቴን ጠልቶ ወይ ወዶ አይደለም ያነሳት። ጨርቆቹን ብሎ ነው።

ገመዱን በወገቧ አዞረና ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ በሩ ጋ መጥቶ የሰቀልኩትን ጨርቅ ፈታው፣ አጣጠፈው፣ ድንጋይ ጫነበት። በአጠገቤ ሲያልፍ ሳያየኝ፣ "ጨርቁን ማን እንደሰቀለው አላየሁም" አለኝ።

እሁድ ምሳ አልመጣም።

ሜዳው ላይ፣ ከተቀበሩት ላሞች ስር፣ ከመሃል፣ ብስባሹ ከሚፈላበት ጥልቅ ቦታ ቢቀብራት ኖሮ ማንም አያገኛትም ነበር። ሰው ሁሉ ቆይቶ እንደዚያ ነው ያለው፤ እንዴት እንደዚህ ይሞኛል? እኔ ግን ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከላም አንጀት ስር ሊከታት አልቻለም። ለብቻዋ፣ አጥሩ ዳር፣ ጭንቅላቷን ወደ ተራራው አዙሮ አስተኛትና ፍቅፋቂ አለበሳት። ስስ አድርጎ።

በአራተኛው ቀን ግልገሎቹ መጡ።

በጠራራ ፀሐይ ነው። አስር ማይል ሽታዋን ተከትለው ነው የመጡት። አንዱ አጥሩን በአፍንጫው ነካና ኤሌክትሪኩ ወርውሮ ጣለው። ጮኸ። ተነሳና ዞሮ በሌላ በኩል ነካው። ሌላውም እንደዚያው። ጩኸታቸው ነዳጅ ማደያው ድረስ ይሰማል። ሰው በመኪና እየመጣ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳቸው ጀመር። አንዱ፣ "ለጥንብ ብለው እኮ ነው፣ ሆዳሞች" ሲል ሰማሁት። ለጥንብ ቢሆን መሃሉ ላይ ስንት ላም አለ። እነሱ ግን አንዱን ጥግ አንለቅም አሉ።

ኩለንም ያንኑ አየ። ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ገባና በአካፋ ቆፈረ። ሶስት አካፋ አልፈጀበትም። ቢጫውን ቁጥር ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቁጥሩን ጆሮዋ ላይ ያደረገላት ራሱ ነው፣ ዘጠኝ አመት ያውቃታል። ቀጥሎ አተኛኘቷን አየ። ጭንቅላቷ ወዴት እንደዞረ አየ። ዴልማር አውቆ በእጁ እንዳስተኛት ማንም አልነገረውም። የአባቴ የስካር ወሬ ነገረው።

ሎርና ቤት ነው ያገኘው። እኔ ለአባቴ ዳቦ ልገዛ ገብቼ ነበር።

"ዴልማር፣ ከየት ነው ያመጣሃት?" አለው ኩለን፣ ቆሞ።

"በኔ መኪና ነው የመጣችው።"

"መኪናው ላይ ማን ጫናት ነው የምልህ። የማን በር ነው?"

ሁሉም ሹካውን አስቀመጠ። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በር ያለው ሰው ነው።

"እኔ አፍ የለኝም" አለ ዴልማር።

"አንተ እንዳልገደልካት አውቃለሁ እኮ። እባክህ። የበሩን ስም ብቻ። ነፃ ትወጣለህ።"

ዴልማር ቡናውን አነሳና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። "እነዚያ ልጆች አሁንም ይጮሃሉ?" አለ።

አንዱን ግልገል በማግስቱ መንገድ ላይ መኪና ገጨው። ሁለተኛውን በወጥመድ ያዙት። የሚቀበለው ቦታ ጠፋ፣ አጥር ለምዷል፣ ሰው ለምዷል ተባለ። ኩለን ራሱ በመርፌ ገደለው። ከዚያ በኋላ ኩለን ሎርና ቤት ገብቶ አያውቅም።

ዴልማር በህግ የሚጠበቅ ድብ ደብቀሃል ተብሎ አራት ወር ታሰረ። መኪናውን ነጠቁት፣ ሜዳው ላይ እንዳይደርስ ከለከሉት። ፍርድ ቤት ከኛ መንገድ የሄደለት ሰው የለም። ሎርና ቤት ግን፣ "ወንድ ነው፣ አልተናገረም" ይሉ ነበር። "ጥንብ አንሳው ወንድ ነው!" አባቴም ብሏል። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

"አባዬ፣ አንሄድለትም?" ብዬዋለሁ።

"ላሞቹን ማን ይጠብቃል?"

በቀጣዩ ፀደይ መኪናውን የሚነዳ ጠፋ። ማን ይገባበታል? ቢናገር ባለበሮቹ ይጠሉታል፣ ባይናገር ይታሰራል። ሜዳው ተቆለፈ። ሰው ግን የለመደ እጅ ነውና ጨርቁን መስቀሉን አልተወም። መጀመሪያው ሳምንት ላይ በመንገዱ ዳር አስራ ምናምን ጨርቅ ቆጥሬያለሁ። ስሩ ጥጃ፣ የሚያነሳው የለም። ነፋሱና በረዶው ጨርቆቹን አነጣቸው፣ ሮዝ ሆኑ። ድቦቹ መንገዱን ተከትለው ከበር በር መሄድ ጀመሩ፣ እንደ ፖስታ አዳይ። ከዚያ ሰው ጥንቡን ወደየገደሉ መለሰ። ዴልማር ከእስር ወጥቶ ነበር። በየጠዋቱ በእግሩ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፣ በሮቹን ያያል፣ ይመለሳል።

በዚያ ፀደይ ስድስት ድብ ተገደለ።

በመከር ወቅት ያው አዳራሽ ውስጥ ያው ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ቆሞ፣ "ስድስት! ምን ያህል እንደበዙ አያችሁ?" አለ። ያቺ ከከተማ የመጣችው ሴት ተነስታ፣ "ስድስት! ምን ያህል እንደሞቱ አያችሁ?" አለች። ሁለቱም ተጨበጨበላቸው። ዴልማር ከኋላ ተቀምጧል። ይናገር ያለው ሰው አልነበረም።

ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ከስቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አይሸትም፣ ሳሙና ብቻ።

"አጎቴ፣ እኔ ልናገር።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ደግሞ ግልገሎቹን... አይቻቸው ነበር። ያን ቀን። ሁለት ነበሩ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ፊትሽ ላይ ነበሩ። በማግስቱ ወንዙ ዳር ወርጄ ፈለግኳቸው። ሶስት ቀን ፈለግኳቸው። እነሱ ለካ እኔን እየፈለጉ ነው።" ኮፍያውን አደረገ። "አባትሽ መሬቱን ካጣ አንቺም ቤት የለሽም። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ሆድ ይፍጀው።"

ዘንድሮ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ዴልማር ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ። ጫማውን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አስሮ ነበር።

የቀብሩ እለት ወደ ቤተክርስቲያን ስንሄድ ማመን አቃተኝ። በመንገዱ ላይ ያለው በር ሁሉ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። አዲስ ጨርቅ። ስሩ ምንም የለም፣ ለክብሩ ነው። ሰዎቹ በየመኪናቸው ውስጥ አለቀሱ። ሎርና ከቀብር በኋላ ኬክ እየቆረጠች፣ "አየሽ፣ ሰው ይወደው ነበር" አለችኝ። ፍርድ ቤት አንድ ሰው ያልሄደለት ሰውዬ ነው።

አባቴም ጨርቅ አስሮ ነበር። የኛ በር ስር ግን ጥጃ ነበር። ያን ሌሊት ሞቶ አደረ፣ ጠዋት አባቴ ለቀብሩ ከመልበሱ በፊት እዚያ ጎተተው። ለምን ወደ ገደሉ እንዳልወሰደው አላውቅም። ዴልማር እንደሌለ እጁ ረስቶ ይሆናል።

ስንመለስ ድቡ በሩ ላይ ነበር። ትልቅ ወንድ፣ ከእንቅልፉ ገና የተነሳ፣ ቆዳው የተንጠለጠለ። ጨርቁ ከጭንቅላቱ በላይ ይውለበለባል። አባቴ መኪናውን አቆመ። ጠመንጃው ከወንበሩ ጀርባ ነው።

"ጡሩምባውን ንፋ" አልኩት። "ንፋው፣ ይሄዳል።"

ጠመንጃውን አወጣ።

"አባዬ፣ ከተኮስክ እናገራለሁ። የዚያንም የዚህንም።"

ዞሮ አየኝ። የቀብር ክራቫቱ አንገቱ ላይ አለ። "ዴልማር እንኳን ያልተናገረውን?"

"አዎ።"

"አንቺ ነሽ የሰቀልሽው" አለኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረው፣ ቀስ ብሎ ነው፣ እንደሚያስታውሰኝ። "ገመዱንም ያሰርሽው አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ነው። አባቴ ከመኪናው ወረደ፣ ክንዱን የተከፈተው በር መስኮት ላይ አስደገፈ። ድቡ ቀና ብሎ አየን። አልሸሸም። አባቴ ተኮሰ።

ከዚያ ገባና መሪው ላይ እጁን አድርጎ ተቀመጠ። የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። መንገዱን ወደ ከተማው በኩል ያይ ነበር፣ የመኪና ድምፅ እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ፣ "የሚያነሳው የለም" አለ፣ ለራሱ።

ይሄ ከሆነ ሶስተኛ ቀኑ ነው። ድቡ እዚያው ነው። አባቴ ቤት ውስጥ ነው፣ አያናግረኝም፣ እኔም ፈርቼዋለሁ። ጨርቁ በሩ ላይ እንዳለ ነው። ሶስት ቀን ስለሆነው ሎርና ቤት ወሬ ሆኗል ማለት ነው።

አፌ እምቢ ቢለኝ ጻፍኩት፤ ኩለን ማንበብ ይችላል። እሱ ጋ ይድረስልኝ። የበሩ ስም ሃውገን ነው። ጨርቁን የሰቀልኩት እኔ ካሲ ነኝ።